ቦንም 5300፣ ቫይማርም 5300፦ ጀርመን ተዋሕዳ ለምን አንድ ልብ አልሆነችም?

በ1990 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ አንድ ሰው ደብዳቤ ጽፎ በፖስታው ላይ 5300 የሚለውን መለያ ቁጥር ብቻ ቢያሰፍር፣ ደብዳቤው የት እንደሚደርስ እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር። 5300 የቦን ቁጥር ነው፤ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ቦን። 5300 የቫይማርም ቁጥር ነው፤ በምሥራቅ በኩል ያለችው፣ ባለቅኔው ጎተ የኖረባት ቫይማር። ሁለቱ መንግሥታት ለከተሞቻቸው ቁጥር ሲያድሉ አንዱ ሌላውን አላማከረም። አንድ አገር ሲሆኑ ቁጥሮቹ ተጋጩ። ፖስታ ቤቱ ያገኘው መላ ከቁጥሩ ፊት አንዲት ፊደል መጨመር ነበር፦ ለምዕራብ «ቬ»፣ ለምሥራቅ «ኦ»። አዲሱ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 1993 ነው። እስከዚያ ድረስ የተዋሐደችው አገር ሰዎች ደብዳቤ በላኩ ቁጥር ተቀባዩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በፖስታው ላይ ይጽፉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለቦኑ ነዋሪ ውሕደቱ በዕለት ኑሮው ላይ ያመጣው የሚዳሰስ ለውጥ ይኸው የፖስታ ቁጥር ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ቆይቶ የመጣውን ተጨማሪ ግብር ካልቆጠርን። ለቫይማሩ ነዋሪ ግን ገንዘቡ ተለወጠ፣ መታወቂያው ተለወጠ፣ የልጁ መማሪያ መጽሐፍ፣ የሕክምና መድኑ፣ የቤት ኪራይ ሕጉ፣ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ወተት፣ አንዳንዴም የሚኖርበት መንገድ ስም ተለወጠ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራውም አብሮ ሄደ። አንዱ ወገን ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ሲማር ሌላው ምንም መማር አላስፈለገውም። ዛሬ ስለ ጀርመን ፖለቲካ ሲወራ «ምሥራቆቹ ስደተኛን ለሚቃወመው ፓርቲ ለምን ድምፅ ይሰጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ የሚነሳው፣ በእኔ እይታ፣ ከዚህ አለመመጣጠን የተነሳ ነው።

ፍጥነቱን እናስታውስ። የበርሊን ግንብ በኦገስት 13 ቀን 1961 መገንባት ጀመረ፤ በኖቬምበር 9 ቀን 1989 ሌሊት ተከፈተ። ኦክቶበር 3 ቀን 1990 ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር አልነበረችም። ከአሥራ አንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ 16 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለው መንግሥት 62 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀላቀለ።

ከግንቡ መከፈት አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 9 ቀን፣ ላይፕሲክ ከተማ ውስጥ 70,000 ያህል ሰው አደባባይ ወጥቶ ነበር። ወታደርና ፖሊስ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በዚያው ዓመት በቤጂንግ በሰልፈኞች ላይ የተፈጸመውን ግድያ ሁሉም እያስታወሰ፣ ሰልፈኛው ይጮህ የነበረው «ሕዝቡ እኛ ነን!» እያለ ነው። በሕዝብ ስም እገዛለሁ ለሚለው ፓርቲ የተሰጠ መልስ ነበር፦ ሕዝብ የምትሉት እኮ እኛ ነን፤ ማን ጠየቀን? ግንቡ ከወደቀ በኋላ መፈክሩ በአንዲት ትንሽ ቃል ተቀየረ፦ «እኛ አንድ ሕዝብ ነን!» የመጀመሪያው በገዛ አገር ጉዳይ ላይ ድምፅ ይኑረን የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ከምዕራቡ ጋር እንቀላቀል የሚል ነው። ቃላቱ ቢቀራረቡም ፍላጎቶቹ ይለያያሉ፤ የኋላው የፊተኛውን ዋጠው።

በዲሴምበር 1989 ተቃዋሚዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የቀድሞው ገዥ ፓርቲ «ክብ ጠረጴዛ» በተባለ መድረክ ተሰብስበው አዲስ ሕገ መንግሥት እስከ ማርቀቅ ደርሰው ነበር። ረቂቁ በኤፕሪል 1990 ሲቀርብ ግን የሚያነበው አልተገኘም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ማርች 18፣ ምሥራቅ ጀርመን በታሪኳ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ነፃ የፓርላማ ምርጫ አድርጋለች። ከመራጩ 93 በመቶ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። ፈጣን ውሕደትን የሚደግፈውና ከምዕራቡ መራሔ መንግሥት ከሄልሙት ኮል ጋር የቆመው ጥምረት 48 በመቶ አገኘ። በሻማ ብርሃን ሰልፉን ከጀመሩት የዜጎች እንቅስቃሴዎች ብዙዎቹን ያቀፈው «ቡንትኒስ 90» ያገኘው 2.9 በመቶ ነው። ዛሬ «ውሕደቱ ተጫነብን» የሚል የምሥራቅ ሰው ሲያጋጥም ይህ ቁጥር መነሳት አለበት፤ መንገዱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፣ ዓይናቸውን ከፍተው።

ይሁን እንጂ የሕጉ መንገድ ሁለት ነበር። የምዕራብ ጀርመን ሕግ በ1949 ሲወጣ «ሕገ መንግሥት» አልተባለም፤ «መሠረታዊ ሕግ» ነው የተባለው፣ አገሪቱ አንድ እስክትሆን በጊዜያዊነት እንዲያገለግል። አንቀጽ 146 መላው ጀርመን በነፃነት አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያጸድቅ ይህ ሕግ ያበቃል ይል ነበር። አንቀጽ 23 ደግሞ አጭሩ መንገድ ነው፦ የቀሩት ክፍላተ ሀገር ገብተው ባለው ሕግ ሥር ይጠቃለላሉ። የተመረጠው 23 ነው። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም፤ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ ይሄዱ ነበር፣ ሞስኮ ውስጥ የሶቪየት መሪ ጎርባቾቭ እስከ መቼ እንደሚቆዩ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ውጤቱን እንመልከት። አዲስ አገር አልተመሠረተም። አንደኛው ቤት ቆሞ ሌላው ቤት ፈረሰና ሰዎቹ ወደቆመው ገቡ። ማንም ቢሆን በሰው ቤት ለዓመታት ጫማውን አውልቆ ነው የሚራመደው።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። «ማርኩ ከመጣ እንቀመጣለን፣ ካልመጣ እኛው ወደ እሱ እንሄዳለን» እያለ ሰልፈኛው ሲጮህ ከርሞ ነበርና፣ ጁላይ 1 ቀን 1990 የምዕራቡ ማርክ ምሥራቅ ገባ። ደመወዝና ጡረታ አንድ ለአንድ ተመነዘረ። ቁጠባም እንደ ዕድሜው እስከ ተወሰነ ገደብ፣ ለአብዛኛው አዋቂ እስከ 4,000 ማርክ፣ አንድ ለአንድ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ለአንድ ሆነ። ለጡረተኛዋ ሰርግና ምላሽ ነበር። ለፋብሪካው ግን መርዝ። ትናንት ምርቱን ለፖላንድና ለሶቪየት ኅብረት ይሸጥ የነበረ ፋብሪካ በአንድ ሌሊት ሠራተኞቹን በጠንካራ ማርክ መክፈል ግዴታው ሆነ፤ ደንበኞቹ በዚያ ዋጋ ሊገዙት አልቻሉም። በአገር ውስጥም የምሥራቁ ሸማች የጎረቤቱን ቅቤና ሳሙና ትቶ ለዓመታት በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብቻ ያየውን የምዕራብ ዕቃ ገዛ። ማን ይፈርድበታል? ግን የገዛ ፋብሪካው ግብዓተ መሬት ላይ አብሮ አፈር እንዳለበሰ ያወቀው በኋላ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ምሥራቅ ጀርመንን የሚያውቃት በኢፋ ነው፤ ወታደርም እህልም ባመላለሰው፣ ዳገት ላይ ድምፁ ከሩቅ በሚለየው የጭነት መኪና። በ1970ዎቹ አጋማሽ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መትቶ የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የውጭ ምንዛሪ ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ግማሽ ቡና ግማሽ ሌላ ነገር የሆነ ቅልቅል አቅርባ ከፍተኛ ቁጣ ገጠማት። ከዚያ በ1977 ከአዲስ አበባ ጋር ተዋዋለች፦ ቡና ስጡን፣ የጦር መሣሪያና መኪና እንስጣችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልትም የእነሱ ስጦታ ነው። ኢፋ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከበርሊን በስተደቡብ ሉድቪግስፌልደ በምትባል ከተማ ነው። ውሕደቱ በታወጀ በዚያው ዓመት፣ በ1990 መጨረሻ፣ የመጨረሻው መኪና ወጥቶ ምርቱ ቆመ። ሉድቪግስፌልደ እድለኛ ከሚባሉት ናት፤ ዳይምለር ቦታውን ተረክቦ ዛሬም እዚያ የመርሴዲስ መኪና ይሠራል። የሌሎቹ ዕጣ እንዲህ አልነበረም።

የመንግሥት ድርጅቶቹን ወደ ግል እንዲያዛውር የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙ «ትሮይሃንድ» ነው፤ በአማርኛ ባለአደራ ማለት ነው። 8,500 ያህል ድርጅቶችንና 4 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኞችን ተረከበ፤ በ1994 መጨረሻ ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ ከሥራ ቦታዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልነበሩም። ኃላፊው ዴትሌቭ ሮቬደር በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ዱሰልዶርፍ በሚገኘው ቤታቸው በመስኮት በኩል በጥይት ተገደሉ። የተሸጡት ድርጅቶች በአብዛኛው የገቡት በምዕራብ ጀርመን ባለሀብቶች እጅ ነው፤ የምሥራቁ ሰው ድርሻ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም፣ ምክንያቱም በአርባ ዓመት ሶሻሊዝም ውስጥ ካፒታል ያጠራቀመ ሰው ከየት ይመጣል? በምሥራቅ ዛሬም ይህን መሥሪያ ቤት አደራ በላ አድርጎ የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ቦታ እንውሰድ። ቱሪንጂያ ውስጥ ቢሾፌሮደ በምትባል መንደር የፖታሽ ማዕድን ማውጫ ነበር። ማዕድኑ ጥራት ነበረው፣ ገዢም ነበረው። ነገር ግን የምሥራቁ የፖታሽ ኩባንያ ከምዕራቡ ተፎካካሪ ጋር ሲዋሐድ ይዘጋ ተባለ። በጁላይ 1993 ማዕድን ቆፋሪዎቹ የረሃብ አድማ መቱ። ከመላ አገሪቱ ሰው እየመጣ ጎበኛቸው፤ «ቢሾፌሮደ በየቦታው አለች» የሚል መፈክር ተሰቀለ። በዓመቱ መጨረሻ ማውጫው ተዘጋ። የሁለቱ ኩባንያዎች ውሕደት ውል ዝርዝር ደግሞ ለረጅም ዓመታት ለሕዝብ አልተገለጠም። ሰው ሥራ ማጣትን ይችላል፤ ምክንያቱን የማወቅ መብት የለህም መባልን ግን አይረሳም። «ሕዝቡ እኛ ነን» ብሎ መንግሥት የገለበጠ ሰው፣ ከአራት ዓመት በኋላ በገዛ መንደሩ ጉዳይ ውሉን እንኳ እንዳያይ ሲደረግ ስለ ዴሞክራሲ ምን ይማራል?

የኢኮኖሚስቶቹን ክርክር አሳጥሬ ልለፍ፦ አብዛኛው ፋብሪካ ያረጀ እንደነበር፣ አየሩና ወንዙ የተመረዘ እንደነበር አይካድም። ከዚያ ወዲህ ላይፕሲክና ድሬስደን ታድሰዋል፣ መንገዱና ስልኩ ተዘርግቷል፣ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ለዚህ ሁሉ ከ1991 ጀምሮ «የአጋርነት» የተባለ ተጨማሪ ግብር ተጥሏል፤ ብዙ የምዕራብ ሰው እሱ ብቻ የሚከፍለው ይመስለው ነበር እንጂ ምሥራቁም እኩል ይከፍል ነበር፤ ከ2021 ወዲህ አብዛኛው ሰው ከዚህ ግብር ነፃ ሆኗል። በዚያው በ1990 የተዋሐደችው የመን በ1994 የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገብታለች። በዚህ ሚዛን ካየነው የጀርመን ውሕደት ስኬት ነው፤ ጥይት ሳይተኮስ ሁለት ሠራዊት አንድ መሆኑ ብቻ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን አክብሮት በመንገድና በስልክ አይለካም። ምሥራቁን እንዲያስተዳድሩ ከምዕራብ የሄዱ ባለሥልጣናት በደመወዛቸው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ነበራቸው። ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የጫካ አበል» ነው። ቃሉ ቀድሞ በቅኝ ግዛት ለሚያገለግሉ ሰዎች የሚከፈለውን ያስታውሳል። ቀልድ ነበር፤ የቀልዱ ዒላማ ግን ላይፕሲክ እንደ ጫካ መቆጠሯን ሰምቷል። «ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ምዕራቤ» የሚል ቃልም በ1991 የዓመቱ ቃል ሆኖ ተመረጠ።

ዳኛው፣ ፕሮፌሰሩ፣ የባንክ ኃላፊው፣ የጋዜጣው ባለቤት ከምዕራብ መጡ። ከፊሉ ግድ ነበር፤ የአምባገነን ሥርዓት ዳኛ የዴሞክራሲ ዳኛ ሆኖ ሊቀጥል አይችልም። ሽታዚ የተባለው የስለላ ድርጅት 91,000 ያህል ቋሚ ሠራተኞችና ከዚያም የሚበልጡ መደበኛ ያልሆኑ ጆሮ ጠቢዎች ነበሩት፤ መዝገቦቹ ቢደረደሩ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ከጃንዋሪ 1992 ጀምሮ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያነብ ተፈቀደለት። አንዲት የፓርላማ አባል ፋይላቸውን ሲከፍቱ ለዓመታት የሰለላቸው የገዛ ባላቸው መሆኑን አገኙ። ይህን ያህል ደፍሮ የራሱን ቁስል የገለጠ አገር ጥቂት ነው፤ ሐሳቡም ከምሥራቆቹ ከራሳቸው የመጣ ነው፣ መዝገቡ እንዳይቃጠል የስለላውን ሕንጻዎች የያዙት እነሱ ናቸውና። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የቀድሞዎቹ ከተነሡ በኋላ ቦታውን የያዘው የምሥራቁ ወጣት ትውልድ አልሆነም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በምሥራቅ የተወለዱት ከሕዝቡ አምስተኛ ያህል ሆነው ሳለ በከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ያሉት 12 በመቶ ገደማ ናቸው። በፌዴራሉ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በምሥራቅ የተወለደ የመጀመሪያ ዳኛ የተቀመጠው በ2020 ነው። ለጡረታ ስሌት የሚያገለግለው መነሻ ዋጋም በሁለቱም በኩል እኩል የሆነው በጁላይ 1 ቀን 2023 ነው፤ ማርኩ ምሥራቅ ከገባ ልክ በ33 ዓመቱ።

ሌላው ነገር የሄዱት ናቸው። ከ1991 እስከ 2017 ወደ ምዕራብ የሄደው ሰው ከመጣው በ1.2 ሚሊዮን ያህል ይበልጣል፤ ከሄዱት ብዙዎቹ ወጣቶች፣ በተለይም የተማሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አውቶቡሱ ሲቀር፣ መዘምራኑ ሲበተኑ መንደሩ ውስጥ የሚቀረው ቁጭት ነው። የፖለቲካ ፓርቲም እንደ ዕድር ነው፤ ሰው ከሌለ አይቆምም። በምሥራቅ ነባሮቹ ፓርቲዎች አባል አጥተው ቀሩ። መራጩም ከአንዱ ፓርቲ ጋር በቤተሰብ የተሳሰረ ስላልሆነ በቀላሉ ወደ ሌላው ይዞራል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ተጥሎ ተመልሶ ተወሰደ። በምሥራቅ ልዩ ልዩ ሐኪሞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ፖሊክሊኒክ ነበር፤ ከውሕደቱ በኋላ የሶሻሊዝም ቅሪት ነው ተብሎ በአብዛኛው ፈረሰ። በ2004 ተመሳሳዩ አሠራር በሌላ ስም ለመላ አገሪቱ ተፈቀደ። እናት ሥራ እንድትሄድ ሕፃኑን የሚቀበል መዋያም እንዲሁ፤ ምዕራቡ ለረጅም ጊዜ «እናት ቤቷ ትቀመጥ» ሲል ቆይቶ በ2013 አንድ ዓመት ለሞላው ሕፃን ሁሉ ቦታ ማግኘት በሕግ መብት ሆነ። ዛሬ በወንድና በሴት መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት በምሥራቅ ከምዕራቡ በብዙ ያነሰ ነው። ከምሥራቅ የመጣ መሆኑን ሁሉም የሚያውቀው ግን በእግረኛ ማቋረጫ መብራት ላይ የሚታየው ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ምስል ብቻ ነው።

«አንድ ሕዝብ» ሲባል ማን ይካተታል የሚለውም ጥያቄ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ከቬትናምና ከሞዛምቢክ በኮንትራት ያመጣቻቸው ሠራተኞች ነበሯት፤ ውሕደቱ ሲመጣ ብዙዎቹ ኮንትራታቸው ተቋርጦ ተላኩ። አማዴኡ አንቶኒዮ የተባለ አንጎላዊ ውሕደቱ ከታወጀ ሁለት ወር ሳይሞላ በኤበርስቫልደ ከተማ በዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ በዲሴምበር 1990 ሞተ። በ1991 ሆየርስቬርዳ፣ በ1992 ሮስቶክ ውስጥ የስደተኞችና የቬትናማውያን መኖሪያ በድንጋይና በእሳት ሲጠቃ ጎረቤት ቆሞ አጨበጨበ። ምዕራቡ ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቀሰረ፤ ነገር ግን በ1992 በሞልን፣ በ1993 በዞሊንገን የቱርክ ቤተሰቦች በቤታቸው የተቃጠሉት ምዕራብ ውስጥ ነው። ቆዳችን ጥቁር ለሆነው ሰዎች «የምሥራቁ ችግር» የሚለው አባባል ብዙም አያጽናናንም።

ከ2014 ጀምሮ ድሬስደን ውስጥ ስደተኛንና እስልምናን የሚቃወም ሰልፍ በየሰኞው መውጣት ጀመረ። ሰኞን የመረጠው የ1989ኙ የላይፕሲክ ሰልፎች ሰኞ ሰኞ ይደረጉ እንደነበር አስታውሶ ነው። መፈክሩም ያው ነው፦ «ሕዝቡ እኛ ነን!» በ2019 በብራንደንቡርግ ምርጫ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ፓርቲ የ1989ን ለውጥ ፈጽሙ የሚል ፖስተር ሰቀለ። በ1989 በእርግጥ አደባባይ የወጡት ብዙዎች ተቆጥተው መግለጫ አወጡ፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 2025 በተደረገው የፌዴራል ምርጫ ይኸው ፓርቲ በአገር ደረጃ 20.8 በመቶ ሲያገኝ፣ በአምስቱም የምሥራቅ ክፍላተ ሀገር አንደኛ ወጣ። ውጤቱን የሚያሳየው ካርታ ሲቀባ የድሮው ድንበር ተመልሶ የተሠመረ መሰለ። በቱሪንጂያ የፓርቲው መሪ የሆኑት ቢዮርን ሆከ ተወልደው ያደጉትና ያስተማሩት ምዕራብ መሆኑን ካርታው አያሳይም።

ሥራ አጥነቱ በ2005 በምሥራቅ 19 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ ወርዷል። ታዲያ ኑሮ ሲሻሻል ቁጣው ለምን ባሰ? ቁጣው ከኪስ ብቻ አልመጣም ብዬ አምናለሁ። ከ1990 በኋላ የተወለዱ ልጆች ራሳቸውን «የምሥራቅ ልጅ» ሲሉ ያቺን አገር አላዩም፤ ያዩት አባታቸው በሃምሳ ዓመቱ ሙያ ሲቀይር፣ እናታቸው ዲፕሎማዋ አይቆጠርም ስትባል፣ ቤተሰቡ የሚያወርሰው ቤት ሳይኖረው ሲቀር ነው። የምዕራቡ እኩያቸው ከአያት ቤት ሲወርስ እነሱ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ላይፕሲክ ውስጥ ኪራዩን የሚቀበለው ባለቤትም ብዙ ጊዜ ምዕራብ ነው የሚኖረው። ይህ ዘረኛ ፓርቲን መምረጥን ትክክል አያደርገውም፤ በምሥራቅም አብዛኛው ሰው አልመረጠውም።

በኦክቶበር 3 ቀን 2021፣ በውሕደቱ በዓል፣ አንጌላ ሜርክል ሃለ ከተማ ላይ ንግግር አደረጉ። በምሥራቅ ያደጉ፣ ፊዚክስ የተማሩ፣ አሥራ ስድስት ዓመት አገሪቱን የመሩ ሴት ናቸው። በሥልጣን ዘመናቸው ስለ ምሥራቅ አስተዳደጋቸው እምብዛም አያወሩም ነበር። ያን ቀን ግን ለገዛ ፓርቲያቸው ቅርብ የሆነ ተቋም ያሳተመውን ጽሑፍ ጠቀሱ፤ በ35 ዓመታቸው ወደ ፖለቲካ ሲገቡ የምሥራቅ ሕይወታቸውን «ሸክም» ይዘው እንደመጡ ይላል። አንድ ሰው ያሳለፈው ሕይወት እንደ ትርፍ ጭነት ይቆጠራል ወይ ብለው ጠየቁ፤ እንደ ምሥራቅ ሰው ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ግን አልተናገሩም። ከሁለት ወር በኋላ ሥልጣናቸውን አስረከቡ።